ሥራ የሚያመልጠው ከመጋጠሚያው ነው፦ የዕለት ሥራን በቁጥጥር ሥር ስለማዋል የቀረበ ዳሰሳ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በተለይም በየዩኒቨርሲቲው የነበሩ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚችሉ ደረሱበት። ወሬው በስልክ ተዛመተ፤ በየግቢው የኤቲኤም ሰልፍ ረዘመ። ባንኩ ነገሩን ሲያውቅ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። ኋላ በሰጠው መግለጫ ያለአግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ተናገረ፤ አብዛኛውም ተመለሰ። ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በመደበኛ የሲስተም ጥገናና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው አለ።

አገሩ ያወራው ስለ ተማሪዎቹ ነበር፤ ስለ ሕሊና፣ ስለ መመለስና አለመመለስ፣ በየቅርንጫፉ በር ስለተለጠፉት ፎቶዎች። ከሁሉ ይልቅ ሊያነጋግር ይገባው የነበረው ግን ከብሔራዊ ባንክ መግለጫ ውስጥ ያለው «መደበኛ ጥገና» የሚለው ሐረግ ይመስለኛል። ባንኩ ገንዘብ መቁጠር አልጠፋበትም። ገንዘብ ተቀባዩም፣ ኤቲኤሙም፣ የቅርንጫፍ ኃላፊውም እንደ ወትሮው ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው የዕለቱ ሥራ የቆመበት ሲስተም በተነካበት ሰዓት ነው።

አንድ ድርጅት ዛሬ የሠራውን ነገም በዚያው ልክ እንዲሠራ፣ ሰው ቢቀያየርም ሥራው እንዳይለዋወጥ ምን ያድርግ? የአስተዳደር ሥርዓት ደረጃዎች ይህን የሥራ ክንውን ቁጥጥር ይሉታል። በጉዳዩ ላይ የተጻፈው ብዙ ነው፤ እኩል የሚጠቅም ግን አይደለም። ከአደጋ ምርመራ ዘገባዎች፣ ከሆስፒታል ጥናቶችና ከራሳችን የለውጥ ፕሮግራሞች ተነሥቼ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ልብስ ከስፌቱ እንደሚተረተር ሁሉ ሥራም የሚያመልጠው ከመጋጠሚያው ነው። ፈረቃ ሲቀየር፣ ማሽን ወይም ሶፍትዌር ሲነካ፣ ጊዜያዊ መላ ሲበጅ፣ አለቃ ሲነሣ፣ ሥራው ለኮንትራክተር ሲተላለፍ። መመሪያ የምንጽፈው ግን በአብዛኛው ለመሀሉ፣ ሠራተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሠራው ክፍል ነው።

ከደረጃዎቹ ልጀምር። አይኤስኦ 9001 መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን መሠረቱ በ1979 የታተመው የእንግሊዝ ደረጃ ቢኤስ 5750 ነበር። የቀደሙት እትሞች ወረቀት ይወዱ ነበር። የ1994ቱ 20 አንቀጾች ነበሩት፤ ከሞላ ጎደል ለሁሉም የተጻፈ የአሠራር መመሪያ ይጠይቅ ነበር። በ2000 አስገዳጆቹ መመሪያዎች ወደ ስድስት ወረዱ። በ2015 እትም እነዚያም ቀሩ። አሁን የሥራ ክንውን ቁጥጥርን የሚመለከተው አንቀጽ 8.1 አጭር ነው፤ ሥራው በምን መለኪያ እንደሚመዘን ወስኑ፣ በመለኪያው መሠረት ሥሩ፣ ሰነድም ያዙ ይላል፤ ሰነዱ ግን ሥራው እንደታቀደው ለመሠራቱ መተማመኛ በሚሆን መጠን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ለውጥ ይሻገራል። የታቀደ ለውጥ በቁጥጥር ሥር ይዋል፤ ሳይታሰብ የመጣ ለውጥ ደግሞ ያስከተለው ነገር ይገምገም፤ ለውጭ አካል የተሰጠ ሥራም ከቁጥጥሩ አይውጣ ይላል።

ደረጃው ራሱ በ28 ዓመት ውስጥ ከወረቀት ወደ መጋጠሚያ ሲጓዝ ይታያል። በእኛ ዘንድ የቀረው ግን የ1994ቱ መንፈስ ነው። የጥራት ማኑዋል በሰማያዊ ፋይል ይታሰራል፣ በመደርደሪያ ይደረደራል፤ ኦዲተር ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው አቧራው ይራገፋል፣ ያልተሞሉ ቅጾች በአንድ እስክሪብቶ ይሞላሉ። ሰርተፊኬት ለጨረታና ለኤክስፖርት ስለሚጠየቅ የሚሠራበት ሰው አለ፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን በአንድ ቀን የተሞላ የስድስት ወር መዝገብ ከባዶ መዝገብ ይብሳል። ባዶው ቢያንስ ያለመሠራቱን ይናገራል።

የሥራ ደኅንነት ደረጃው አይኤስኦ 45001፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ አንድ ተጨማሪ ነገር በግልጽ ያስቀምጣል። አደጋን ለመከላከል አስቀድሞ አደገኛውን ነገር ማስወገድ፣ ካልተቻለ በሌላ መተካት፣ ቀጥሎ በማሽን ወይም በግንባታ መከለል ይመጣል። የአሠራር መመሪያና ሥልጠና አራተኛው ደረጃ ላይ ናቸው፤ ከእነሱ በታች ያለው ቆብና ጓንት ብቻ ነው። አደጋ በደረሰ ቁጥር «መመሪያው ይሻሻል፣ ሠራተኛው ይሠልጥን» የሚል ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ኮሚቴ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ከደረጃዎቹ በፊት የነበረው ሐሳብ ደግሞ በአሜሪካ የስልክ ዕቃ ከሚሠራ ድርጅት የመጣ ነው። ዋልተር ሼዋርት በዌስተርን ኤሌክትሪክ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ የቁጥጥር ሰንጠረዥን የያዘች አጭር ማስታወሻ ለአለቃው አቀረበ። ዋናው ነገሩ ቀላል ነው። ማንኛውም ሥራ፣ በደንብ ቢያዝም፣ ከቀን ቀን ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህ የሥራው ተፈጥሮ ነው። ሌላው መዋዠቅ ግን ምክንያት አለው፦ ጥሬ ዕቃው ተቀይሯል፣ ማሽኑ ልኩን ስቷል፣ አዲስ ሰው ገብቷል። ብልህ ኃላፊ ሁለቱን ይለያል። ለመጀመሪያው ዓይነት መዋዠቅ ሠራተኛ መገሠጽ ሥራውን ከማባባስ በቀር አይረዳም፤ ለሁለተኛው ዝም ማለት ደግሞ ቸልተኝነት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም በየሰኞ ማለዳው ስብሰባ የሚደረገው ተቃራኒው ነው። ያለፈው ሳምንት 94 በመቶ ነበር፣ የዚህ ሳምንት 91 ሆነ፤ ለምን? ተጠያቂው ይነሣና ምክንያት ይፈጥራል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በተደጋገመበት መሥሪያ ቤት ሰዎች የሚማሩት ቁጥር ማስተካከል ነው።

አሁን ወደ መጋጠሚያዎቹ። ስለ ለውጥ የሚነገረው ሁሉ መነሻው እንግሊዝ ውስጥ ፍሊክስቦሮ የተባለ የኬሚካል ፋብሪካ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በማርች 1974 በተከታታይ ከተደረደሩት ስድስት ትላልቅ ጋኖች አምስተኛው ተሰንጥቆ ተገኘ። ምርት እንዳይቆም አምስተኛው ተነሥቶ አራተኛውና ስድስተኛው በጊዜያዊ ቧንቧ ተገናኙ። የቧንቧው ንድፍ ተብሎ የተገኘው በጋራዡ ወለል ላይ በጠመኔ የተሠመረው ሥዕል ብቻ ነበር። የፋብሪካው ዋና መሐንዲስ ቦታ ያን ጊዜ ክፍት ነበር፤ ቧንቧው የሚሸከመውን ኃይል ያሰላ ሰውም አልነበረም። ጁን 1 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጋዙ አምልጦ ፈነዳ። 28 ሰዎች ሞቱ። ቅዳሜ ባይሆን፣ የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ በቦታው ቢኖር፣ ቁጥሩ እጅግ በበዛ ነበር። የፋብሪካው የዕለት ሥራ መመሪያ ለስድስት ጋን የተጻፈ ነበር፤ ሲሠራ የነበረው ግን ሌላ ፋብሪካ ነው።

የፈረቃ ርክክብን በተመለከተ ከፓይፐር አልፋ የሚበልጥ አስተማሪ የለም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ፓይፐር አልፋ ከስኮትላንድ ጠረፍ ራቅ ብሎ ሰሜን ባሕር ላይ የቆመ የነዳጅና ጋዝ ማምረቻ መድረክ ነበር። ፈሳሹን ጋዝ የሚገፉ ሁለት ፓምፖች ነበሩት፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ያርፋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 አንደኛው ፓምፕ ለጥገና እንዲቆም ተደረገ። በዚያው አጋጣሚ የግፊት መከላከያ ቫልቩ ለምርመራ ተፈታ፤ ይህን የሠሩት የኮንትራክተር ሠራተኞች ነበሩ። እስከ ማምሻ ድረስ ቫልቩ አልተመለሰም፤ ክፍተቱ በብረት ክዳን ተሸፈነ። ለፓምፑ ጥገና አንድ የሥራ ፈቃድ ወረቀት፣ ለቫልቩ ሌላ ወረቀት ነበረ፤ ሁለቱን የሚያያይዝ ግን ምንም አልነበረም። በፈረቃ ቅያሪው ሰዓት ተረኞቹ ሥራ በዝቶባቸው ነበርና ስለ ቫልቩ አፍ ለአፍ የተነገረ ነገር የለም።

ከምሽቱ 3፡45 ገደማ የሚሠራው ፓምፕ ቆመና አልነሣም አለ። ቶሎ ካልተመለሰ መላው መድረክ ኃይል ሊያጣ ነው። የሌሊት ተረኞቹ ወረቀት አገላበጡ፤ ቀን ለጥገና የቆመው የሌላው ፓምፕ ሥራ ገና አለመጀመሩን የሚያሳየውን ፈቃድ አገኙ፤ የቫልቩን አላገኙም። ባዩት ወረቀት መሠረት ፓምፑን ማስነሣት ትክክል ነበር። አስነሡት። 4 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ፍንዳታ ሆነ። 167 ሰዎች አለቁ፤ የተረፉት 61 ናቸው።

በሎርድ ካለን የተመራው ምርመራ በ1990 ዘገባውንና 106 ምክሮቹን ሲያወጣ በሥራ ፈቃድ ሥርዓቱ ላይ የጻፈው በጥሞና የሚነበብ ነው። ሥርዓቱ በጽሑፍ ነበር። ከሕጉ መውጣት ግን የየዕለት ልማድ ሆኖ ነበር፤ የሚከታተሉት አለቆችም ሁሉ ደኅና ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ምክንያቱም ችግር ያቀረበላቸው የለም። ከአደጋው አሥር ወር በፊት በዚያው መድረክ አንድ ሠራተኛ ሞቶ የርክክብና የፈቃድ ጉድለት ተነሥቶ ነበር። ኦዲትም ይደረግ ነበር። ኦዲቱ ቅጽ መኖሩን አየ፤ ማታ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዱ ተረኛ ሲወጣ ሌላው ሲገባ፣ ምን እንደሚባባሉ ግን ቆሞ ያዳመጠ የለም።

ልማድ ሲወርስ መመሪያ እንዴት እንደሚሞት የሚያሳየው ሌላው ጉዳይ የቢፒው የቴክሳስ ሲቲ ማጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 አንድ የማጣሪያ ማማ ከጥገና በኋላ ሲነሣ ከመጠን በላይ ተሞልቶ ፈሰሰ፤ 15 ሰዎች ሞቱ፣ 180 ተጎዱ። የሌሊቱ ተረኛ በመዝገቡ የተወው ማስታወሻ ጥቂት ቃላት ብቻ ነበር፤ የቀኑ ሱፐርቫይዘርም አርፍዶ ስለገባ ርክክብ አልተደረገም። መርማሪዎቹ ወደኋላ ተመልሰው ያለፉትን የማስነሻ ቀናት ሲፈትሹ ማማው በአብዛኞቹ ከተጻፈው ልክ በላይ ተሞልቶ እንደነበር አዩ። ሠራተኞቹ ለዚህ ምክንያት ነበራቸው፤ ፈሳሹ ዝቅ ካለ ሌላ ዕቃ ይጎዳባቸዋል። መመሪያው አርጅቷል፣ የሚያሻሽለው የለም፣ ሠራተኛውም የራሱን ዘዴ አበጅቷል። ሶሺዮሎጂስቷ ዳያን ቮን በቻሌንጀር መንኮራኩር ላይ በጻፈችው መጽሐፍ ያሳየችው ይኸው ነው። ከልክ መውጣት አንድ ጊዜ ያለ ጉዳት ካለፈ፣ ሁለተኛው ይቀላል፤ ከዚያ ልክ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ትክክልም ነው። ሠራተኛው ከመመሪያው የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሥራው እንዲሄድ ነው። መመሪያውን ቃል በቃል እንከተል ብለው ሥራ የሚያቆሙ ሠራተኞች በየአገሩ የታወቁ ናቸው። መመሪያ ተከትሎም መጥፋት አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲወድቅ 157 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ የወጣው የእኛ መርማሪዎች የመጀመሪያ ደረጃ ዘገባ አብራሪዎቹ አምራቹ የሰጠውን ሥርዓት ደጋግመው ቢፈጽሙም አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ገለጸ። የአሜሪካ መርማሪዎች በኋላ በአብራሪዎቹ እርምጃ ላይ የተለየ አስተያየት አቅርበዋል። በሁለቱም ወገን የማይካደው ግን የቦይንግ መሐንዲሶች የአውሮፕላኑ አውቶማቲክ የበረራ መቆጣጠሪያ ሲበላሽ አብራሪው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ለይቶ ምላሽ ይሰጣል ብለው አስበው እንደነበር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው እርምጃ የቆመው በዚያ ግምት ላይ ነበር። መመሪያ ሲገመገም ተከበረ ወይስ ተጣሰ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው ስለ ሠራተኛው ምን ገምቶ ነበር ተብሎም ይጠየቅ።

በሕክምና ያለው ማስረጃ ደግሞ ይበልጥ የጠራ ነው፤ ምክንያቱም ተቆጥሯል። የዓለም ጤና ድርጅት 19 ነጥብ ያለው የቀዶ ሕክምና የማረጋገጫ መጠይቅ (ቼክሊስት) አዘጋጅቶ በስምንት ከተሞች ሞከረው፤ ከእነዚህ አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት አስደናቂ ነበር። ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ጉዳትም ከ11 በመቶ ወደ 7 ወረደ። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገርም እንዲህ ያለ መጠይቅ በሆስፒታሎቿ አዘዘች፤ የመጀመሪያው ውጤት ከታተመ አምስት ዓመት ቆይቶ የ101 ሆስፒታሎቿ ውጤት ሲታይ ለውጥ ተብሎ ሊቆጠር የሚችል ነገር አልተገኘም። ሁሉም ሆስፒታሎች ለማለት ይቻላል መጠይቁን እንሞላለን ብለው ነበር። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም፤ እኔ ግን ልዩነቱ ከወረቀቱ ነው ብዬ አላምንም። በስምንቱ ከተሞች አጥኚዎች ነበሩ፣ አሠራሩን ከየሆስፒታሉ ጋር አስማምተው፣ ከየቡድኑ ጋር ተነጋግረው አስገቡት። ኦንታሪዮ ውስጥ የደረሰው ትእዛዝ ነው።

ለዚህ የኛው አገር ሥራ ጥሩ ምስክር ነው። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ክሊን ከት በሚል ፕሮግራም በጅማ ጀምሮ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ቁስል መመርቀዝን ለመቀነስ ሠርቷል። አጀማመሩ ደስ ይላል። መጠይቅ ከማደል በፊት ዕቃው የሚሄድበትን መንገድ ተከተሉ፦ መቀሱ ከቀዶ ክፍል ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በእንፋሎት ማምከኛው ገብቶ እስኪመለስ ድረስ ማን ነው የሚነካው? ማምከኛው መሥራቱን የሚያሳየው ምልክት ከማሸጊያው ውስጥ አለ? አንቲባዮቲኩ የሚሰጠው መቼ ነው፣ ሐኪሙ ሲያዝ ወይስ ነርሷ ከፋርማሲ ሲደርስላት? ከዚያ ያስተካከሉት ክፍሎች የሚረካከቡበትን ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት መመርቀዙ በሲሶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። መጠይቁ ያው የዓለም ጤና ድርጅቱ ነው። ልዩነቱ ሰው በመጋጠሚያው ላይ መቆሙ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ያለፉት ሃያ ዓመታት የለውጥ መሣሪያዎች ሰልፍ ነበሩ፤ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ የዜጎች ቻርተር በየግድግዳው ተለጠፈ። ካይዘን ከእነዚህ የተሻለ ሥር ነበረው። ከጃፓኑ ጃይካ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተጀምሮ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉትን አምስት እርምጃዎች ያልሰማ የፋብሪካ ሠራተኛ ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በወራት ውስጥ ይታያሉ፤ መጋዘን ይጸዳል፣ ወለል ይቀባል፣ ዕቃ ስም ይለጠፍበታል። አምስተኛው ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። የሚወድቁበት ቀን ደግሞ ይታወቃል። አማካሪው የሚሄድበት፣ ወይም ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ሌላ የሚተካበት ሳምንት ነው። ተሿሚ በተቀየረ ቁጥር አሠራር ሲቀየር አለቃ መቀያየርም ራሱ አንድ የሥራ መጋጠሚያ ነው፤ ርክክቡ ግን የመኪና ቁልፍና ማኅተም ከማስረከብ አያልፍም።

ቻርተሩንም እናንሣው። ግድግዳው ላይ አገልግሎቱ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ተጽፏል። ባለጉዳዩ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የሚሰማው «ሲስተም የለም» ነው። ሲስተም በማይኖርበት ሰዓት ምን እንደሚደረግ ቻርተሩ አይልም፤ በእጅ ይመዘገብ እንደሆነ፣ ተራው ይያዝለት እንደሆነ፣ ነገ ሲመጣ ከየት እንደሚጀምር። እንዲህ ባለው ሰዓት ሥራውን የሚያስኬደው ደግ ሠራተኛ ካለ ደግነቱ ነው።

የመጨረሻው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ፣ ማን ያቁም የሚለው ነው። ፓይፐር አልፋ ሲቃጠል ከእርሱ ጋር በቧንቧ የተያያዙት ታርታንና ክሌይሞር የተባሉ መድረኮች ነበሩ። እሳቱ እየታያቸው ማምረቱን ለተወሰነ ጊዜ ቀጠሉ፤ የሚገፉት ነዳጅና ጋዝም የፓይፐርን እሳት ይመግብ ነበር። ማቆም ከፍ ያለ ኪሳራ ያለው ውሳኔ ነው፤ በቦታው ያለው ሰው ደግሞ በየብስ ያሉት አለቆቹ ምን እንደሚሉት ያስባል። በወረቀት ሥልጣኑ ሊኖረው ይችላል። ተጠቅሞበት ያልተቀጣ ሰው አይቶ ካላወቀ ግን ሥልጣኑ አለኝ ብሎ አይተማመንበትም።

ቶዮታ ለዚህ ያበጀው መላ ብዙ የተወራለት ገመድ ነው። ሠራተኛው እንከን ሲያይ ይስበዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው የገመዱ ማዶ ያለው ነው። ሲሳብ መስመሩ ወዲያው አይቆምም፤ መኪናው የተወሰነ ምልክት ላይ እስኪደርስ ይጓዛል። በዚያች አጭር ጊዜ ጥቂት ሠራተኞችን ብቻ የያዘው የቡድን መሪ ደርሶ ያያል፤ ከቻለ ያስተካክላል፣ ካልቻለ መስመሩ ይቆማል። መሪው የሚደርሰው የራሱ የምርት ኮታ ስለሌለበት፣ ሥራውም ለጥሪ መድረስ ስለሆነ ነው። በኛ ብዙ ፋብሪካዎች ሱፐርቫይዘሩ ራሱ የዕለቱን ምርት ቆጥሮ የሚያስረክብ ነው፤ ሲጠራም የሚመጣው ቆጠራውን ሲጨርስ ነው።